ኅዳር ሳይወጣ

ስሙኝማ፣ እናንተ የአምስት ኪሎ ልጆች፣ እናንተ የባሕር ዳር ፖሊ፣ የጅማ፣ የአዳማ፣ የአርባ ምንጭ ልጆች! ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ገብታችሁ ፓወር ወይም ኮንትሮል የመረጣችሁ ሁሉ አንድ ስም ታውቃላችሁ። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ስታጠኑ፣ ሦስቱን ከረንቶች ወደ አልፋና ቤታ ስትለውጡ፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ክላርክ ትራንስፎርሜሽን» ብሎ ይጽፋል። ማትሪክሱን ትገለብጣላችሁ፣ ለፈተና ትሸመድዱታላችሁ፣ ፈተናውን አልፋችሁ ትረሱታላችሁ። ይህ ክላርክ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ክላርክ ሴት ናት። ኢዲት ክላርክ ትባላለች። በ1919፣ ኤምአይቲ ከምንለው ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የማስተርስ ዲግሪ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 36 ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ከእሷ የምጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። በየዓመቱ ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ለማስተርስና ለዶክትሬት ውጭ አገር ሊያመለክቱ የሚነሱ ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ነጥቤ 3.4 ነው፣ ይበቃኛል?» «ከተመረቅሁ አራት ዓመት ሆነኝ፣ አላረፈደብኝም?» «እንዲህ ያለ ቦታ የእኛን አገር ልጅ ይቀበላሉ?» ኢዲትን ስታውቋት እነዚህ ጥያቄዎች ቦታቸውን ይይዛሉ።

በ1883 ሜሪላንድ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ገጠር ውስጥ ተወለደች። ዘጠኝ ልጆች ካሉበት ቤት አንዷ ነበረች። 12 ዓመት ሲሞላት እናትም አባትም አልነበሯትም። ከወላጆቿ የቀረላትን ውርስ ይዛ ቫሳር ኮሌጅ ገባች፤ በ1908 በሒሳብና በሥነ ፈለክ ተመረቀች። ከዚያ እንደ ዘመኗ የተማረች ሴት ሁሉ አስተማሪ ሆነች፤ መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ፣ በኋላም ዌስት ቨርጂኒያ። ልቧ ግን ምሕንድስና ላይ ነበር። በ1911 ማስተማሩን ትታ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና ገባች። በክረምቱ ዕረፍት ኒው ዮርክ ወርዳ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ዘንድ የስሌት ሥራ ያዘች። የመጣችው ለአንድ ክረምት ነበር፤ ሥራው ያዛትና ወደ ዊስኮንሲን ሳትመለስ ቀረች።

የዚያን ጊዜ ስሌት የሚሠራው በሰው ነው። በተርታ ጠረጴዛ የተቀመጡ ሰዎች፣ በርካቶቹ ሴቶች፣ መሐንዲሶች የሰጧቸውን ቀመር በእጅና በስላይድ ሩል ያሰሉ ነበር። ኢዲት የደረሰችው ጆርጅ ካምቤል የሚባል ሰው ዘንድ ነው። ካምቤል የሰው ድምፅ በሩቅ መስመር ሲሄድ ለምን እንደሚደክም በሒሳብ ያጠና የነበረ ሰው ነው። እሷም የእሱን እኩልታዎች ስታሰላ የረጅም መስመርን ጠባይ ከውስጥ አወቀችው። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ትማራለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሌሎቹ የስሌት ሴቶች አለቃ ሆነች። በ1918 ኤምአይቲ ስትገባ እንግዲህ ከኮሌጅ ከወጣች ድፍን አሥር ዓመት አልፏታል።

አሁን እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እነዚያን አሥር ዓመታት የባከኑ ናቸው የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን ያለ እነሱ የምናውቃት ክላርክ አትኖርም ባይ ነኝ። ኤምአይቲ ደጃፍ ስትደርስ በእጇ ጥያቄ ነበራት። ረጅም መስመር ላይ ከአንደኛው ጫፍ የገባ ቮልቴጅና ከረንት ሌላኛው ጫፍ ላይ ምን ሆኖ ይወጣል? ይህን መቶ ጊዜ በእጇ አስልታዋለች፤ የቱ ጋ እንደሚያስቸግር፣ የቱ ጋ ጊዜ እንደሚበላ ታውቃለች።

ዲግሪዋን ይዛ ስትወጣ በመሐንዲስነት የሚቀጥራት አልተገኘም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኒው ዮርክ ግዛት ስኬኔክታዲ ከተማ ወሰዳትና፣ ያው የስሌት ሴቶች ኃላፊ አደረጋት። እሷም ስሌቱ ላይ ተቀምጣ አንድ መሣሪያ ሠራች። ይህን ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው።

አጭር ሽቦ ላይ ከዚህ ጫፍ የገባው ከረንት በዚያ ጫፍ ይወጣል፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። መስመሩ መቶ ኪሎ ሜትሮችን ሲሻገር ግን ሽቦውና መሬቱ መሃል ያለው አየር ራሱ እንደ ካፓሲተር ይሠራል። በየሜትሩ ትንሽ ትንሽ ከረንት ወደ ጎን ይሄዳል። ጭነት በሌለበት ሌሊት የሩቁ ጫፍ ቮልቴጅ ከተላከው በልጦ ይገኛል። ይህን በትክክል ለማስላት ሃይፐርቦሊክ ፈንክሽኖች ያስፈልጋሉ፤ እነሱም በኮምፕሌክስ ቁጥር። በእጅ ሲሠራ አንዱ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ አንድ ምልክት ከተሳተ ደግሞ እንደገና ነው። ኢዲት ይህን ሁሉ በግራፍ ላይ አሰፈረችው። ግራፉ ላይ የሚዞር ክንድ አደረገችበት፤ ክንዱን መስመሩ ባለው መጠን ላይ አድርጎ መልሱን ማንበብ ብቻ ሆነ። ከቀድሞው ዘዴ አሥር እጥፍ ይፈጥን ነበር። በ1921 የፓተንት ማመልከቻ አስገባች፤ በ1925 ፓተንቱ ተሰጣት።

ዛሬ ከታላቁ ሕዳሴ ግድብ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚመጣው ባለ 500 ኪሎቮልት መስመር ላይ ያለው ፊዚክስ ያው ነው። እዚያ መስመር ላይ የሚሠራ የእኛ አገር መሐንዲስ ኮምፒዩተሩ የሚያሰላለትን እኩልታ ኢዲት በወረቀትና በክንድ ፈትታው ነበር።

ፓተንቱ ሳይሰጣት በ1921 ጄኔራል ኤሌክትሪክን ለቃ ኢስታንቡል ሄደች፤ በዚያ ጊዜ የኮንስታንቲኖፕል የሴቶች ኮሌጅ በሚባለው ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተማረች። በ1922 ስትመለስ ያው ኩባንያ በመሐንዲስነት ቀጠራት። በ1926 በአሜሪካ ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ ፊት ጥናት ያቀረበች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1943 የተለዋዋጭ ከረንት ሥርዓቶችን ሰርኪዩት ትንተና የሚያስተምረውን መጽሐፏን የመጀመሪያ ክፍል አሳተመች። በ1947፣ በ64 ዓመቷ፣ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ሆና አስተማሪነቱን እንደገና ጀመረች።

ታዲያ ወደ እኛ ልምጣ።

አንዲት ልጅ አስቡልኝ። አምስት ዓመት ተምራ ተመርቃለች፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ሆና ተቀጥራለች፤ ወይም ማከፋፈያ ጣቢያ ትሠራለች። ማታ ሥራ ስትጨርስ ላፕቶፗን ትከፍትና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ማመልከቻ ታያለች። ብዙዎቹ የሚዘጉት ከዲሴምበር 1 እስከ 15 ባለው ጊዜ ነው፤ በእኛ ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 አካባቢ መሆኑ ነው። የሚጠየቀው አስፈሪ አይደለም፤ ትራንስክሪፕት፣ የሕይወትና የሥራ ታሪክ፣ የዓላማ መግለጫ፣ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጂአርኢ የሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና።

ልጅቱ በቅድሚያ የምትጨነቀው በትራንስክሪፕቷ ነው። ይህ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ትራንስክሪፕት አንዴ ታትሟል፤ በሁለተኛ ዓመት ያገኘችው ሲ ከእንግዲህ ወደ ኤ አይለወጥም። ለመሥራት በእጇ ያለው የዓላማ መግለጫው ነው፤ እሱን ግን በመጨረሻው ሳምንት፣ ከኢንተርኔት በተገኘ ናሙና ላይ ተመርኩዛ ትጽፈዋለች። የአምስት ዓመት ድካሟ በሁለት ገጽ ባዶ ቃል ሲሸፈን ማየት ያንገበግባል።

የብዙ ልጆች ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለኤሌክትሪክ ልዩ ፍቅር ነበረኝ። ጎበዝና ታታሪ ተማሪ ነኝ። ታላቁ ዩኒቨርሲቲያችሁ ሕልሜን እንዲያሳካልኝ እመኛለሁ።» ይህ ውሸት አይደለም። ልጅቱ በእውነት ኤሌክትሪክ ትወዳለች፣ በእውነት ታታሪ ናት። ነገር ግን ያንኑ ቀን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከብዙ አገር የመጡ ብዙ ሰዎች ጽፈውታል። የሚያነበው ፕሮፌሰር ደግሞ የእሷን ፍቅር የሚለካበት ነገር የለውም።

ያቺው ልጅ በአራተኛ ዓመቷ ለአንድ ሴሚስተር ልምምድ ወጥታ ነበር። እዚያ ያየችውን ብትጽፍስ? «ለልምምድ በወጣሁበት ቦታ፣ ባለ 15 ኪሎቮልት የማከፋፈያ መስመር ጫፍ ላይ ያለ ትራንስፎርመር ማታ ማታ ቮልቴጁ ይወርድ ነበር። መጠኑን በየሰዓቱ መዘገብሁ። ሦስቱ ፌዞች እኩል ተጭነዋል ብዬ የሠራሁት ሞዴል ከለካሁት ጋር አልገጠመም። እያንዳንዱን ፌዝ ለየብቻ ስለካ ከጭነቱ አብዛኛው አንዱ ላይ እንደሆነ አየሁ። የመለኪያ መሣሪያ በጥቂቱ ብቻ ባለበት መስመር ላይ ይህን አለመመጣጠን እንዴት መገመት ይቻላል የሚለውን ነው በዶክትሬት ደረጃ መሥራት የምፈልገው።»

አያችሁ? ጎበዝ ነኝ አላለችም። ታታሪ ነኝ አላለችም። ሞዴሏ እንዳልሠራ ራሷ ተናገረች፤ ካልሠራው ነገር ጥያቄ አወጣች። ይህን የሚያነብ የፓወር ፕሮፌሰር ወንበሩን ሳብ አድርጎ ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ የእሱም ጥያቄ ነው። መሣሪያ የሌለበት መስመር እኛ ዘንድ የዕለት ኑሮ ነው፤ ለጥናት ግን ያላለቀ ሥራ ነው። ልጆቻችን እንደ ድህነታቸው ምልክት የሚደብቁት ነገር እዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ያላየው ዓለም ነው።

«እኔስ ላብራቶሪ አልነበረኝም፣ ማትላብ ላይ ብቻ ነው የሠራሁት» የምትሉ አላችሁ። ማትላብ ላይ የሠራችሁትን ጻፉ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱን አምስት ሆናችሁ ከሠራችሁት የእናንተ ድርሻ የቱ እንደሆነ ለዩት። የሌላውን ድርሻ የራስ አድርጎ መጻፍ ነውር ከመሆኑም በላይ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቃል።

የድጋፍ ደብዳቤውም እንደዚሁ ነው። «ከክፍሏ አንደኛ የነበረች፣ ጠባየ መልካም ተማሪ ናት» የሚል ደብዳቤ አይጎዳትም፤ አይጠቅማትምም። የሚጠቅመው እሷን ሥራ ላይ ያያት ሰው ያየውን ሲናገር ነው፤ ስሌቱ እምቢ ሲል ምን እንዳደረገች፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደታገለች፣ ምን ይዛ እንደተመለሰች። ስለዚህ ስሙ የገነነውን ዲን ትታ በደንብ የሚያውቃትን የፕሮጀክት አማካሪዋን ትለምን። እዚህ ላይ ለመምህራኑም አንድ ቃል አለኝ፤ ከይቅርታ ጋር ልናገረው። «አንቺው ጻፊውና እኔ እፈርማለሁ» አትበሉ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን ልጅቱ ስለ ራሷ ልትጽፍ የማትችለው ነገር አለ፤ እሱ ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው። ሦስቱም ደብዳቤ በአንድ ሰው እጅ ከተጻፈ ደግሞ አንባቢው ያውቃል፤ የሚጎዳው የልጅቱ ስም ነው። የምታመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤው የሚገባበትን ሊንክ የሚልከው ለእናንተ ነው፤ በምታስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ተቀብላችሁ ራሳችሁ አስገቡት። እሷም ከወር በፊት፣ ረቂቋንና የፕሮጀክት ሪፖርቷን ይዛ ትምጣላችሁ።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፤ እኔ በግልጽ ላውራው። እኛ አገር ዶክትሬት የሚባለው ማስተርስ ለያዘ ሰው ነው። አሜሪካ ግን በአብዛኛው እንደዚያ አይደለም፤ በባችለር ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ይቻላል። ኤምአይቲ ራሱ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግና ኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍሉ ከውጭ የሚያመለክት ሰው ማስተርስ ብቻ ይዞ እንዲሄድ አይቀበልም፤ ዶክትሬት ለሚሻ ነው፤ ማስተርሱን በመንገድ ላይ ይይዘዋል። ጂአርኢም አይጠይቅም። ስታንፎርድን የመሳሰሉት ሁለቱንም አላቸው፤ ማስተርሱን ግን ተማሪው በአብዛኛው ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ዶክትሬት የገባ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ይከፈልለታል፣ የወር መተዳደሪያም ያገኛል፤ በምላሹ ፕሮፌሰሩ ጥናት ላይ ይሠራል ወይም ያስተምራል። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ልጅ «ለማስተርስ ገንዘብ የለኝም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ቀርቷል! ገንዘብ ያለው ዶክትሬቱ ጋ ነበር።

እየሠሩ መማር አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1936 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግና በሒሳብ ሁለት ዲግሪ ሊይዝ የተቃረበ ልጅ ነበረ። ክላውድ ሻነን ይባላል፤ ጌይለርድ ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው የመጣው። ከትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ፖስትካርድ አየ፤ ኤምአይቲ ረዳት ይፈልጋል ይላል። ቫኔቫር ቡሽ የሠራው ዲፈረንሻል አናላይዘር የሚባል፣ በዘንግና በጥርስ የሚሠራ ግዙፍ የስሌት ማሽን አለ፤ እሱን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው የተፈለገው። ሻነን አመለከተ፣ ተቀበሉት፤ ግማሽ ጊዜውን ማሽኑን እያንቀሳቀሰ በቀረው ይማር ጀመር። ማሽኑን የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት በሪሌ የተሠራ ነው፤ ሪሌ ወይ ይዘጋል ወይ ይከፈታል። ሻነን ሚሺጋን ሳለ በፍልስፍና ክፍል የጆርጅ ቡልን አልጀብራ ተምሯል፤ እዚያም ነገር ወይ እውነት ነው ወይ ሐሰት። ሁለቱን አንድ ላይ አየና በ1937፣ በ21 ዓመቱ፣ የማስተርስ ጽሑፉ አደረገው። ዲጂታል ሎጂክ ብላችሁ በሁለተኛም በሦስተኛም ዓመት የምትማሩት ትምህርት መሠረቱ ያ ጽሑፍ ነው። የገባው በረዳትነት፣ ደመወዝ በሚከፈለው ሥራ ነበር፤ ጥያቄውንም ያገኘው እዚያው ሥራ ላይ፣ ሪሌዎቹ መሃል ሆኖ።

ስለዚህ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ስትመርጥ ደረጃውን ብቻ አትይ። እዚያ ማን ምን ይሠራል? የማከፋፈያ መስመር ላይ የሚሠሩ አሉ? የቅርብ ጽሑፋቸውን ሁለት ሦስቱን ታንብብ። አንብባ የገባትንና ያልገባትን በአጭር ኢሜይል ልትጠይቃቸው ትችላለች፤ አምስት ስድስት መስመር ይበቃል። መልስ ካልመጣ አትከፋ፤ ብዙ ቦታ የሚወስነው ኮሚቴ ነው። ጽሑፋቸውን ማንበቧ ግን የዓላማ መግለጫዋ ውስጥ ይገባል፤ «ከእነ እገሌ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ» ስትል ምክንያት ይኖራታል። ጀርመን በዳአድ፣ አውሮፓ በኤራስመስ ሙንዱስ የነፃ ትምህርት ዕድል ለሚያመለክቱም ነገሩ ብዙም አይለይም፤ ወረቀቱና ቀኑ ነው የሚለወጠው።

ጥቃቅን የሚመስሉ ግን ሰው ያስቀሩ ነገሮች አሉ፤ በፍጥነት ልጥቀሳቸው። ስም አንዱ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይላል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፓስፖርት ላይ እንደተጻፈው አድርጋችሁ በሁሉም ቦታ፣ በእንግሊዝኛ ፈተናውም፣ በጂአርኢውም፣ በማመልከቻውም አንድ ዓይነት ጻፉ። አንድ ቦታ በአባት፣ ሌላ ቦታ በአያት ስም ከተመዘገባችሁ የፈተና ውጤታችሁ ከማመልከቻው ጋር አይገናኝም።

ሰዓት ሌላው ነው። በምሥራቅ አሜሪካ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የሚዘጋ ማመልከቻ፣ በዚያ ወቅት አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚዘጋው። መብራትና ኢንተርኔት እስከዚያች ደቂቃ ይኖራል ብሎ መተማመን አያዋጣም፤ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ላኩ።

ክፍያውም አለ። ስታንፎርድ ለአንድ ማመልከቻ 125 ዶላር ይጠይቃል፤ ጂአርኢ 220 ዶላር ነው። በብር ደመወዝ ለሚኖር ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ ካርዱንም ማግኘት ራሱ ጣጣ ነው። ስለዚህ ጂአርኢ የማይጠይቁትን አስቀድሙ፤ ከ2020 ወዲህ ቁጥራቸው በዝቷል። የማመልከቻ ክፍያ ምሕረት የሚሰጡ ብዙ ናቸው፤ ጥያቄው ግን ማመልከቻው ከመዘጋቱ ቀደም ብሎ መቅረብ አለበት። የእንግሊዝኛ ፈተናውን አንዳንዶቹ «የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ካገኙ ይተዉታል፤ ሌሎቹ በጭራሽ አይተዉትም፤ አንድ በአንድ ጠይቁ። ለማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ስካን የተደረገ ትራንስክሪፕት ይበቃል፤ የታሸገው ኦሪጅናል የሚፈለገው ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። ሆኖም ኦሪጅናሉን ለማውጣት የሚጠየቀውን የወጪ መጋራት ጉዳያችሁን ያኔ ከምትጀምሩ አሁን ጀምሩት።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። ደብዳቤ ይመጣል፤ ከአንዱ አይሆንም፣ ከሌላው አይሆንም። ምክንያት አይነግሩም። ልጅቱ ያኔ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ልትል ትችላለች፤ እዚህ ላይ ነው ከጎኗ ሰው የሚያስፈልጋት። የእኛ ቤት ደግሞ ውጤት ጠያቂው ብዙ ነው፤ ጎረቤት ሳይቀር «ምነው፣ ቀረ እንዴ?» ይላል።

ስለ ሞሪስ ቻንግ ልንገራት። ቻይና ውስጥ ኒንግቦ በምትባል ከተማ በ1931 ተወልዶ፣ በጦርነት ከከተማ ከተማ ሲሰደድ ያደገ ልጅ ነው። ኤምአይቲ ገብቶ በመካኒካል ምሕንድስና ባችለርና ማስተርስ ያዘ። ዶክትሬት ለመቀጠል የመግቢያውን ብቃት ፈተና ተፈተነ፤ ወደቀ። እንደገና ተፈተነ፤ አሁንም ወደቀ። ከሁለት ጊዜ በላይ አይፈቀድምና በ1955 ትቶ ሥራ ፈለገ። ፎርድ በወር 479 ዶላር፣ ሲልቫኒያ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ 480 ዶላር ሊከፍሉት አቀረቡለት። ሲልቫኒያ ገባ፤ ትራንዚስተር ምን እንደሆነ የተማረው እዚያ ነው። በ1958 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሄደ፤ ኩባንያው ዶክትሬት እንዲማር ላከው። በ1964 ስታንፎርድ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ዶክተር አለው። በ1987 ታይዋን ውስጥ ቺፕ የሚያመርተውን ቲኤስኤምሲን መሠረተ፤ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ቺፕ እዚያ የመሠራቱ ዕድል ሰፊ ነው።

ቻንግ ወድቆ ሲወጣ ሊያደርገው የቻለው ሥራውን ይዞ መቀጠል ነበር። ልጃችንም እንዲሁ። ባልተቀበሏት ዓመት ትራንስፎርመሩ ላይ ያለው ጭነት አልተስተካከለም፤ መለካቱን ትቀጥል። የለካችውን አገር ውስጥ በሚካሄድ ጉባኤ ታቅርብ፤ በሚቀጥለው ዓመት የዓላማ መግለጫዋ ላይ የምትጽፈው አንድ አንቀጽ ይጨመርላታል።

ከተቀበሏትስ? ገንዘብ ያለበት ቅበላ ከሆነ አትቸኩል፣ አትዘግይም። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ያወጣው፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት አለ፤ የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ ከኤፕሪል 15 በፊት እንዲመልስ አይገደድም። ኤፕሪል 15 ሚያዝያ 7 ነው። እስከዚያ ድረስ ትጠይቅ። ድጋፉ ለስንት ዓመት ነው? የጤና መድኅን ይጨምራል? የምትሠራው ከማን ጋር ነው፣ ተማሪዎቹስ ስለ እሱ ምን ይላሉ? የቀድሞ ተማሪዎቹ ተመርቀው የት ደረሱ? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ እነሱም ይጠብቁታል።

አንዱን ስትመርጥ ለሌሎቹ ያንኑ ቀን «አልመጣም፣ አመሰግናለሁ» ብላ ትጻፍ። በተጠባባቂነት የተያዘ ሌላ ሰው አለ፤ ምናልባትም ከሐዋሳ ወይም ከመቐለ፤ የእሷን ቦታ የሚያገኘው እሷ ስትለቅለት ነው። ከዚያ ለቪዛ የሚያስፈልገው አይ-20 የሚባል ቅጽ ከዩኒቨርሲቲው ይመጣል፤ ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች ምዝገባ 350 ዶላር ክፍያ፣ የኤምባሲ ቀጠሮ፣ የቪዛ ቃለ መጠይቅ። እዚያም የሚጠይቋት ምን ልትማሪ ነው የሚለውን ነው፤ የትራንስፎርመሩን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ትንገራቸው።

ለሦስቱ መምህራን ግን ከሁሉም በፊት ደውላ ትንገራቸው። ደብዳቤ ጽፈው መጨረሻውን ሳይሰሙ የሚቀሩ መምህራን ብዙ ናቸው፤ በሚቀጥለው ጥቅምት ደግሞ ሌላ ልጅ ረቂቋን ይዛ ቢሯቸው ትመጣለች።